የመኳንንት በቅሎና የቅዳሜ ጋቢና

ሚሊኒየሙ ባለፈ በዓመቱ ገደማ፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ከሚመላለሱት ሚኒባሶች የመኳንንትን ለመለየት ታርጋ ማየት አያስፈልግም ነበር። የፊት መስታወቱን ማየት ነው። ሌላው ሾፌር ከመስታወቱ ሥር የማርያምን ሥዕል ያቆማል፣ የኳስ ቡድን ባንዲራ ይሰቅላል፣ ወይ የፕላስቲክ አበባ ይደረድራል። መኳንንት ግን የደረደረው ሠርግ ነው። ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ፣ ከበግ ጠጉር የተሠሩ አሻንጉሊቶች። ሙሽራው ካባ ደርቧል፣ ሙሽሪት ፊቷን ተከናንባለች፣ ሚዜዎቹ ከኋላ ተሰልፈዋል፣ ቄሱ ጥላ ይዘዋል፣ መለከት ነፊው ጉንጩን እንደ ዳቦ ነፍቶታል።

ተሳፋሪ ዝም አይልም መቼም። ገና በሩ ሳይዘጋ ይጀምራል።

«ሾፌር፣ ጥሪው እኮ አልደረሰንም።»

«ጠላው ከኋላ ነው እንዴ ያለው?»

አንዴ አንዲት የሞላሌ ሴት ዓይኗን ከአሻንጉሊቶቹ ሳትነቅል ቆየችና «ይሄን የሚያህል ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል?» አለችው።

«እኔ አልጫወትም፣ እሰበስባለሁ» አላት መሪውን እያዞረ።

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«የሚጫወት ይሰብራል።»

መንገዱ ያኔ ጥርጊያ ነው፣ አቧራና ኮረኮንች። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ሠርገኛው ሁሉ በአፉ ይደፋል። ጣርማ በር ሲደርሱ ሰው ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ፣ መኳንንት ሙሽራውን ከሚዜው ሥር ጎትቶ እያወጣ፣ የቄሱን ጥላ እየገለበጠ፣ አንድ በአንድ መልሶ ያቆማቸዋል። ይሄንን ሲሠራ ፊቱን ብታዩት ሕፃን የሚያለብስ አባት ነው የሚመስለው።

አሻንጉሊቶቹን የሚሠሩት ቀየት በምትባለው የገበያ መንደር የሚኖሩት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ናቸው። ባላቸው ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ ጠጉሩን ይፈትላሉ። ታዲያ ባናው ተሠርቶ ሲያልቅ ቁራጭ ክር ይተርፋል፤ በሷ ቁራጭ ነው አሻንጉሊት የሚሠሩት። ክር ካልተረፈ የለም። «እትዬ፣ እባክዎ አንድ ሚዜ ይሥሩልኝ» ብትሏቸው «ክር ሲተርፈኝ» ነው መልሳቸው። ስለዚህ የሳቸው ሥራ እንዲህ በዋዛ አይገኝም። የማይገኝ ነገር ደግሞ አስመሳይ አያጣም። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ከሱቅ ክር የተሠሩ «የጥሩሸዋ ናቸው» የሚባሉ አሻንጉሊቶች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው ነበር።

መኳንንትን ግን ማታለል ከባድ ነው። አንድ አሻንጉሊት ሲያይ መጀመሪያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ያሸዋል። የመንዝ በግ ጠጉር ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል፤ የሱቁ ክር ላስቲክ ላስቲክ ነው። ቀለም ከለቀቀም ይተወዋል፣ ምክንያቱም የእትዬ ጥሩሸዋ ጥቁር የጥቁር በግ፣ ነጫቸው የነጭ በግ ነው፤ ቀለም የሚነክሩት ቀዩን ብቻ ነው። በመጨረሻ አንገቱ ሥር ያለውን ቋጠሮ ያያል። እትዬ ጥሩሸዋ በወጣትነታቸው ቀኝ አውራ ጣታቸውን ማጭድ ስለጎዳው ቋጠሮው ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጎተትባቸዋል። ይሄንን ማንም አስመሳይ አያውቀውም።

እንግዲህ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መግዣው ደግሞ ሌላ። በፊት በፊት ባገኘው ቦታ ይገዛ ነበር። አንድ ቀን ስኳርና ላምባ ይዞ ሊገባ ወጥቶ ሁለት ሚዜ ይዞ ገባ። ሚስቱ ጌታነሽ እንቁላልና ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፣ ሒሳብ አይጠፋባትም። ሚዜዎቹን ጠረጴዛው ላይ አቁማ «እነዚህ ሻይ ውስጥ ይሟሟሉ?» አለችው። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ የወጣው።

ሕጉ እንዲህ ነው። የመኪናዋ ገቢ ሁሉ የቤቱ ነው። ከሳምንቱ ግን አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከሾፌሩ ጎን ጋቢና የሚቀመጠው ሰው የሚከፍለው የመኳንንት ነው። ያንን በዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅማል። ጋቢናው ባዶ ከሄደ አሻንጉሊትም የለም።

ምን አለፋችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መኳንንት ሌላ ሰው ሆነ። የጋቢናውን ወንበር ያራግፋል፣ ትራስ ያነጥፋል፣ ወርዶ በር ይከፍታል። በነፃ የሚሄድ ዘመድ በሩቅ ካየ አንገቱን ሰብሮ ማርሽ የሚያስተካክል ይመስላል። የአሻንጉሊት ዋጋ ራሱ በጋቢና ሆነ። ሚዜ አንድ ጋቢና ነው። ቄሱ ጥላቸው ስለሚያለፋ ሁለት ጋቢና። ቆይቶ ጌታነሽም ሳታውቀው ለመደችው፤ አንድ ቀን ቀሚስ ገዝታ «ስንት ነው?» ሲላት «አራት ጋቢና» ብላ መልሳ ራሷ ሳቀች።

ሠርጉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጎደለው። በቅሎ። ሙሽሪት በእግሯ ነው የምትሄደው። እትዬ ጥሩሸዋ ድሮ ጥቂት በቅሎዎች ሞክረው ትተዋል። «መቆም እምቢ አሉኝ» ይላሉ። «እግራቸው እንደ ሰካራም ይጥመለመላል። መቆም የማትችል በቅሎ ሠርቼ ምን ላድርጋት?» ከነዚያ አንዷ ወደ መርሐቤቴ ከተዳረችው የእህታቸው ልጅ ጋር መሄዷን መኳንንት ሰምቷል። ልቡ እዚያ ቀረ።

እና ታኅሣሥ ላይ ለኮንትራት ሥራ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ወረደ። ገበያው ውስጥ ማበጠሪያና መርፌ ከሚቸረችር ሰው ፊት፣ በፕላስቲክ አምባሮች መሀል፣ አንዲት በቅሎ በጎኗ ተጋድማለች። ቀይ ጌጥ አንገቷና ደረቷ ላይ ተሰፍቶባታል። መኳንንት ጎንበስ አለ።

አነሳት። አውራ ጣቱን አረጠበ፣ አሸ። አሸተተ። ምንም አይለይም፤ ጭስና ቅቤ ጠጥታ ጠጥታ የበግም የላስቲክም አትሸትም። ቋጠሮውን ሊያይ ፈለገ፣ ቀዩ ጌጥ አንገቷ ላይ ተሰፍቶ ሸፍኖታል። ጌጡ ከተፈታ ደግሞ ዋጋዋ ይወርዳል።

«የማን ሥራ ናት?» አለው ሻጩን።

«የመንዟ ሴትዮ።»

«የትኛዋ የመንዝ ሴትዮ?»

«አንተ የምትፈልጋት ሴትዮ ነቻ» አለ ሻጩ፣ ፊቱን አይቶ ዋጋውን እየጨመረ።

መኳንንት ከፈለ። የከፈለው ከቤቱ ገንዘብ ላይ አንስቶ ነው፤ እስከ ፋሲካ ባለው የቅዳሜ ጋቢና ሊተካው።

ጌታነሽ በቅሎዋን በሁለት ጣቷ ይዛ አየቻት። ጠረጴዛ ላይ አቆመቻት፣ ወደቀች። እንደገና አቆመቻት፣ አሁንም ወደቀች።

«ይቺ ምንድናት?»

«በቅሎ ናት። የእትዬ ጥሩሸዋ።»

«ማን አለ?»

«ሻጩ።»

«ሻጩ ደግሞ ምን ይበልልህ? የጎረቤቴ ናት ይበልህ?» ጌታነሽ ቁጭ አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ነው የሚለው። «ስማኝ መኳንንት። ቅዳሜን የሰጠሁህ ወድጄ ነው። አሁን ግን እስከ ፋሲካ ያለውን በላኸው፣ ለዚያውም የማን እንደሆነች በማታውቃት በቅሎ። የወጥ ቤቱ ሣር ደግሞ እያፈሰሰ ነው። የጥምቀት ሰሞን ቀየት እንሄዳለን። እትዬ ጥሩሸዋ የኔ ናት ካሉ፣ የከፈልክባትንም ታወጣለች ካሉ፣ ጋቢናው ያንተ እንደሆነ ይቀጥላል። ካላሉ ግን ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ጋቢናው የቆርቆሮ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

መኳንንት እሺ አለ። ምን ይበል? ውስጡ ግን ፈራ። ቅዳሜው ከሄደ ሠርጉም እዚያው ላይ ቆመ ማለት ነው።

እስከዚያ በቅሎዋን የት ያስቀምጣት? ቤት ውስጥ እንዳያስቀምጣት ትንሿ ልጃቸው ጽዮን አለች። ጽዮን በግ ብታገኝ ታግዳለች፣ በቅሎ ብታገኝ ባልዲ ውስጥ ነክራ ውሃ ታጠጣለች። እናቱ ቤት ወሰዳት። እናቱ ወይዘሮ ለተሥላሴ ከሸማኔ ያመጡት አዲስ ባና ሳጥናቸው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ወፍራም ነው፣ ደረቅ ነው፣ አይጥ አይደርስበትም። መኳንንት በቅሎዋን በባናው እጥፋት መሀል ከተታት። ለማንም አልተናገረም።

እንግዲህ መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ይሄን ይረሳል? ባና ከሸማኔ እጅ ሲመጣ ገና ባና አይደለም። ልል ነው፣ ንፋስ ያሳልፋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ተነክሮ በእግር ይረገጣል፤ ሲረገጥ ይጠጥራል፣ ይኮማተራል፣ ይወፍራል። ከዚያ በኋላ ነው የጓሳን ብርድ የሚችለው። መኳንንት ይሄንን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። በቅሎዋን ሲከታት ግን የታየው በቅሎዋ ብቻ ናት።

ቀየት ሊሄዱ ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በቅሎዋን ሊያመጣ እናቱ ግቢ ገባ። እናቱና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረግጣሉ። ውሃው ይጨሳል፣ አረፋው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነው፣ ወሬያቸውም ደርቷል።

«እማዬ፣ ይሄ የትኛው ባና ነው?»

«ስንት ባና አለኝ ብለህ ነው?»

«ሳጥኑ ላይ የነበረው?»

«እህሳ።»

«ውስጡን አይታችሁታል?»

«ባና ውስጥ ምን ይታያል?» አሉ እናቱ፣ እየረገጡ።

አንደኛዋ ጎረቤት «እኔንስ ተረከዜን አንዳች ነገር ሲወጋኝ ነው የዋለው፤ ጠጠር መስሎኝ» አለች።

«ጠጠር መስሎሽ ረገጥሽው?»

«ጠጠር ከሆነማ ይድቀቅ ብዬ ነዋ።»

መኳንንት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባበት። ባናውን ከእግራቸው ሥር ጎትቶ ገለጠው። ነጩ ጥለት ላይ ቀይ ቀለም እንደ እንጆሪ ጭማቂ ፈሷል። ከመሀሉ አንዲት ጥቁር፣ ጠጣር፣ የድሮዋን በቅሎ እኩሌታ የምታክል ነገር ወደቀች።

እናቱ ጎንበስ ብለው አዩ። «አይጥ ናት?»

«በቅሎ ናት።»

ወይዘሮ ለተሥላሴ ቀና ብለው ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «በባናዬ ውስጥ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በቅሎ ማነው ያሰረው?»

ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ሳቁ። መኳንንት አልሳቀም። በቅሎዋን በመሐረቡ ጠቅልሎ፣ ከጋቢናው ወንበር ሥር፣ የሞተሩ ሙቀት የሚወጣበት ቦታ ላይ አደረቃት። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። የድሮዋ በቅሎ ቢያንስ እውነት ልትሆን ትችል ነበር። ይቺን ማን በቅሎ ይላታል?

ጠዋት ወደ ቀየት ገበያተኛ ጫነ። ጋቢናው ላይ ሁለት የሽንኩርት ነጋዴዎች ተቀመጡ፣ ጌታነሽ የእንቁላል ቅርጫቷን ታቅፋ ከኋላ። ለሚስቱ ምንም አልነገራትም። በቅሎዋን ከሠርገኞቹ ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ እንደ ጥፋተኛ አስቀመጣት።

ገና ከከተማው ወጣ ሲሉ ጎማው ጉድጓድ መታ። ሙሽራው ተደፋ፣ ሚዜዎቹ ተደረቡበት፣ ቄሱ ከነጥላቸው ተንከባለሉ። ጋቢና ከተቀመጡት ነጋዴዎች አንዱ አንገቱን አስረዝሞ አየ።

«ሾፌር፣ ሠርገኛው ሁሉ ሰክሮ ወድቋል። በቅሎዋ ብቻ ናት ያልጠጣችው።»

መኳንንት ፍሬን ያዘ። በቅሎዋ ቆማለች። በአራት እግሯ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ።

«የትኛዋ በቅሎ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጌታነሽ ናት። «እስቲ አቀብሉኝ።»

በቅሎዋ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ኋላ ደረሰች።

«መኳንንት፣ ምን ሆና ነው?»

«ታጥባ ነው።»

«ታጥባ ነው እንዲህ ያጠረችው?»

«ተረግጣ።»

«ማነው የረገጣት?»

መኳንንት ፊት ለፊቱን መንገዱን እያየ «እናቴ» አለ።

ከዚያ በኋላ እስከ ቀየት ድረስ መኪናዋ በሳቅ ነው የሄደችው ማለት ይቻላል። ጌታነሽ ራሷ እንቁላሎቿ እስኪንቀጫቀጩ ሳቀች። ግን በቅሎዋን አልመለሰችም፤ መዳፏ ላይ ይዛት ቀረች።

እትዬ ጥሩሸዋ ደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ጌታነሽ በቅሎዋን ሰጠቻቸው።

«እትዬ፣ እውነቱን እንዲነግሩን ነው የመጣነው። የርስዎ ናት?»

አገላበጧት። «ምን አባቷ አገኛት? ጅብ ነው የተፋት?»

«ባና ውስጥ ሆና ተረግጣ ነው» አለ መኳንንት መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ ተረግጣ ከተኮማተረች የበግ ጠጉር ናታ። የሱቅ ክር ዓመት ሙሉ ቢረግጡት ንቅንቅ አይልም።» መቀሳቸውን አነሱ። ቀለሙ ለቆ እራፊ የመሰለውን ጌጥ ከአንገቷ ላይ ፈቱት። ከሥሩ ቋጠሮው ብቅ አለ፤ ወደ ግራ ተጎትቷል። እትዬ ጥሩሸዋ የተጎዳ አውራ ጣታቸውን ቋጠሮው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። «የኔው ናት። ለእህቴ ልጅ ስትዳር የሰጠኋት ናት። ሸጠቻት ማለት ነው። ትሽጣት፣ መቼም አትቆምላትም።»

መኳንንት ትንፋሹን ለቀቀ። ጌታነሽ ግን አልጨረሰችም።

«ዋጋዋስ እትዬ?»

«ለገበያ ከሆነ ሞታለች። ቀለሟ ሄዷል፣ ጭራዋ ገብቶባታል። እንደ ድሮዋ ብትሆን ኖሮ ጥሩ ታወጣ ነበር። አሁን ማን ይገዛታል?»

መኳንንት አንገቱን ደፋ። የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ተሰማው።

«ግን ትቆማለች» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን ትሆናለች?»

«ትቆማለች።»

እትዬ ጥሩሸዋ አጠገባቸው ያለውን ቁና ገለበጡና በቅሎዋን ላዩ ላይ አቆሟት። ቆመች። ቁናውን በጡጫቸው መቱት። ቆማለች። ደግመው መቱት፣ እንዝርቱ ተንከባለለ፣ በቅሎዋ ቆማለች። እንዝርቱን እንኳ አላነሱትም።

«ዕድሜ ልኬን በእግሯ ሽቦ ልክተትባት፣ እንጨት ልክተትባት ስል» አሉ በመጨረሻ። «መርገጥ ነበር እንዴ? ባና እየፈተልኩ?»

ተነሥተው ገቡና ሙዳይ ይዘው ተመለሱ። ሦስት አሻንጉሊት አወጡ፤ እምቢልታ ነፊ፣ ድግስ የምታሳልፍ ሴት፣ ደግሞ ከመኳንንት ሙሽሪት ይልቅ የምታምር አዲስ ሙሽሪት። «እነዚህን ውሰዱና እሷን ተዉልኝ። እያየኋት ልሥራ።»

መኳንንት ዓይኑ ሙሽሪቷ ላይ ቀረ። ሦስቱ ሲደመሩ ከበቅሎዋ ጋቢና በላይ ናቸው። ውርርዱን በልቷል፣ ለዚያውም በትርፍ። አፉን ሊከፍት ሲል ጌታነሽ ቀደመችው።

«አይሆንም እትዬ።»

«ለምን ልጄ?»

«ሠሪዋ ራስዎ ሦስት ከሰጡባት እኛ ለመሸጥ ምን አስቸኮለን?» አለች፣ ፊቷ ልክ በእንቁላል ዋጋ ስትከራከር እንደሚሆነው ሆኖ። «ማየቱን ግን ይዩአት። ደግሞ አማቴን አመጣልዎታለሁ፤ የባና አረጋገጥ እሳቸው ያሳዩዎታል።»

እትዬ ጥሩሸዋ ጌታነሽን አይተው ሳቁ። ወደ መኳንንትም ዞረው «ይቺን ከየት አገኘሃት?» አሉት።

«እሷስ ዋጋ የላትም እትዬ» አለ መኳንንት። ጌታነሽ አልሰማሁም ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

አዲሷን ሙሽሪት በቅሎዋ ላይ ሞከሯት። በቅሎዋ ስላጠረች የሙሽሪት እግር መሬት ነካ፤ በቅሎዋን እሷ የተሸከመቻት ነው የመሰለው። እትዬ ጥሩሸዋ የበቅሎዋን ልክ በክር ወሰዱ። «ለዚች የምትሆን ትንሽ ሙሽሪት እሠራላታለሁ።»

«መቼ እትዬ?» አለ መኳንንት።

«ክር ሲተርፈኝ።»

ከሰዓት በኋላ ገበያተኛውን ይዞ ሊመለስ መኪናውን አስነሣ። አንድ ቦርሳ የያዘ ወጣት ጋቢናውን ሊከፍት ሲል ውስጥ ጌታነሽ ባዶ ቅርጫቷን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ተይዟል ወንድሜ» አለችው።

መኳንንት ዞሮ አያት። «ጌትዬ፣ ቅዳሜ እኮ ነው።»

«አላጣሁትም።» የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የጋቢናውን ሒሳብ ሳታጎድል ቆጥራ ከዱቄት ወተት ጣሳው ውስጥ ጣለችው። «ለትንሿ ሙሽሪት ነው። ቆርቆሮውን በእንቁላሉ እገዛለሁ። ትራሱ ግን የታለ? ቅዳሜ ጋቢና ትራስ አለው ሲባል ሰምቻለሁ።»

መኳንንት ትራሱን ከኋላ አምጥቶ ሰጣትና ክላክስ መትቶ ተነሣ። ከቀየት ወጣ ሲሉ መኪናዋ ጉድጓድ መታች፣ ሠርገኛው ሁሉ ተደፋ። ጌታነሽ እጇን ዘርግታ ሙሽራውን አነሣች፣ ሚዜዎቹን አሰለፈች፣ የቄሱን ጥላ አቃናች። በቅሎዋን አልነካቻትም፤ እሷ ቆማ ነበር።